90 ነጥብ ይዞ መቅረት፦ የፕሌይ ኦፍ ታሪክ ከደጋፊው ወገን

ሜይ 24 ቀን 2025። ዌምብሌይ ስታዲየም። መደበኛው 90 ደቂቃ አልቋል፤ የባከነው ሰዓትም ሊያልቅ ነው። ሰንደርላንድና ሼፊልድ ዩናይትድ 1 ለ 1 ናቸው፤ ሰው ሁሉ ለጭማሪው 30 ደቂቃ ራሱን እያዘጋጀ ነው። በ95ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የገባው የ19 ዓመቱ ቶም ዋትሰን ኳሷን ይዞ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ተጠጋና ወደ መረቡ ጥግ ላካት። ሰንደርላንድ ከ8 ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ያየ ሰው ይህችን ግብ አይረሳትም። ብዙዎች ልብ ያላሉት ግን የደረጃ ሰንጠረዡን ነው። በ46 ጨዋታ ሼፊልድ ዩናይትድ 90 ነጥብ ሰብስቦ ሦስተኛ ወጥቷል። ለሌሎች ክለቦች መክፈል የነበረበትን ገንዘብ በማዘግየቱ 2 ነጥብ ባይቀነስበት ኖሮ 92 ይሆን ነበር። አራተኛው ሰንደርላንድ የነበረው 76 ነጥብ ነው። ያውም መደበኛውን ውድድር የጨረሰው የመጨረሻዎቹን 5 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ ነው። በመካከላቸው የ14 ነጥብ ልዩነት አለ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተሻለ የነበረው ቡድን ባለበት ቀረ፤ በአንድ ከሰዓት የተሻለው አደገ።

ይህ ፍትሕ ነው? ጥያቄው በዚያ ምሽት ለሰንደርላንድ ደጋፊ ቢቀርብለት በሳቅ ነበር የሚመልሰው። በ1998 ለዚያው ሰው ቢቀርብ ግን እያለቀሰ ነበር የሚመልሰው፤ ያን ጊዜ 90 ነጥብ ይዞ የቀረው የእሱ ቡድን ነበርና። የፕሌይ ኦፍ ታሪክ በሰንጠረዥ ብቻ ሲነበብ የማይገባው ለዚህ ነው። ከደጋፊው ወገን፣ በተለይም አጠገቡ የሚጠላው ጎረቤት ካለው ደጋፊ ወገን ሆኖ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ደንቡን በ2025 እንደነበረው በአጭሩ። ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ባለው ሻምፒዮንሺፕ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ያድጋሉ። ለቀረችው አንድ ቦታ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት አራት ቡድኖች ይፋለሙ ነበር። ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር በደርሶ መልስ ይጫወቱና አሸናፊዎቹ ዌምብሌይ ላይ በአንድ ጨዋታ ይለዩ ነበር። ሦስተኛው ለሦስተኛነቱ የሚያገኘው ጥቅም የመልሱን ጨዋታ በሜዳው ማድረግ ብቻ ነበር። ሰንደርላንድና ሼፊልድን ዌምብሌይ ላይ ያገናኛቸው ይህ ደንብ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከሰንደርላንድ ስታዲየም በላይ ያረጀ ነው።

የ1890ዎቹ ሙከራ

የእንግሊዝ ሊግ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያቋቋመው በ1892 ነው። ማን ይውጣ፣ ማን ይውረድ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ ደግሞ የዛሬው ፕሌይ ኦፍ አያት ነበር። የላይኛው ዲቪዚዮን መጨረሻ የወጡት ከታችኛው ዲቪዚዮን አንደኞች ጋር «የፈተና ጨዋታ» ይገጥማሉ፤ ያሸነፈ ላይ ይሆናል።

ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1893፣ ኒውተን ሂዝ የሚባል የማንቸስተር ቡድን ከላይኛው ዲቪዚዮን መጨረሻ ወጣ። ፈተናው የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ከነበረው ከስሞል ሂዝ ጋር ነበር። መጀመሪያ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በድጋሚው ኒውተን ሂዝ 5 ለ 2 አሸነፈ። ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመው ተረፈ፣ ዋንጫ ያነሳው እዚያው ቀረ። ስሞል ሂዝ የዛሬው በርሚንግሃም ሲቲ ነው። ኒውተን ሂዝ ደግሞ በኋላ ስሙን ቀይሮ ማንቸስተር ዩናይትድ ሆኗል።

በሚቀጥለው ዓመት ኒውተን ሂዝ እንደገና መጨረሻ ወጣ። አሁን የመጣበት የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን በ28 ጨዋታ አንድም ያልተሸነፈው አዲስ ቡድን፣ ሊቨርፑል ነበር። ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሸንፎ ወጣ፤ ኒውተን ሂዝ ወረደ። በየቅዳሜው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚበሻሸቁት የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ አያውቁትም እንጂ ክለቦቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በዚህ የመውጣትና የመውረድ ጨዋታ ነው።

የፈተናው ዘዴ የፈረሰው በ1898 ነው። በዚያን ጊዜ አራት ቡድኖች እንደ ትንሽ ሊግ እርስ በርስ ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻው ቀን ስቶክና በርንሌይ ተገናኙ። ለሁለቱም አንድ ነጥብ ይበቃቸዋል። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፤ ወደ ግብ ለመምታት የሞከረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚህ ስምምነት መሰል ጨዋታ ከተጎዱት አንዱ ኒውካስል ዩናይትድ ነበር። ሊጉ አፈረና የላይኛውን ዲቪዚዮን ከ16 ወደ 18 አሰፋው፤ ኒውካስልም በሜዳ ሳይሆን በስብሰባ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፈተናው ቀርቶ ሁለት ወጪ፣ ሁለት ወራጅ የሚል ቀጥተኛ ደንብ ተተካ። ኒውካስል በስብሰባ ውሳኔ መጠቀሙን አንባቢ ይያዝልን፤ ከ92 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ውሳኔ ተመልሶ ይመጣበታል።

ፍርሃት የወለደው ደንብ

ከዚያ በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል በእነዚህ ዲቪዚዮኖች ፕሌይ ኦፍ የሚባል ነገር አልነበረም። መልሶ ያመጣው የ1985ቱ ጭንቀት ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 11 በብራድፎርድ ስታዲየም በተነሳ ቃጠሎ 56 ሰዎች ሞቱ። በ18ኛው ቀን ብራስልስ ሄይስል ስታዲየም ውስጥ በሊቨርፑልና በዩቬንቱስ ጨዋታ 39 ሰዎች አለቁ። የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ሊጉ በዋጋ ስላልተስማሙ የ1985/86 የውድድር ዓመት ግማሹ ያለ ቴሌቪዥን ሽፋን አለፈ። በዓመቱ ስታዲየም የገባው ተመልካች ወደ 16.5 ሚሊዮን ወረደ። በ1948/49 ከ41 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ትልልቆቹ ክለቦች ተገንጥለን የራሳችንን ሊግ እንመሠርታለን ብለው ማስፈራራት ጀመሩ። በዲሴምበር 1985 ሂዝሮው አካባቢ ተሰብስበው ባለ 10 ነጥብ ስምምነት ላይ ደረሱ። ከገንዘብ ክፍፍልና ከድምፅ አሰጣጥ ለውጥ ጋር ሁለት ነገሮች ተካተቱ፦ የላይኛው ዲቪዚዮን ከ22 ወደ 20 እንዲቀንስ፣ ፕሌይ ኦፍም ለሁለት ዓመት እንዲሞከር። የፕሌይ ኦፍ ዓላማ ግልጽ ነበር። በማርች ወር ሰባተኛ ላይ ያለ ቡድን ደጋፊው ቤቱ እንዳይቀር፣ ትኬት እንዲሸጥ፣ ቴሌቪዥኑም የሚያሳየው እንዲያገኝ ነው። ስለ ፍትሕ የተሰበሰበ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመቶች ፕሌይ ኦፍ ከዛሬው ይለይ ነበር። ከታች ከሚመጡት ሦስት ቡድኖች ጋር ከላይኛው ዲቪዚዮን ለመውረድ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ቡድን ይቀላቀላል። በ1987 ይህ ዕጣ የደረሰው ሰንደርላንድን ነው። ሰንደርላንድ ማለት 6 ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነ፣ ሊጉን ከተቀላቀለበት ከ1890 እስከ 1958 ከላይኛው ዲቪዚዮን ያልወረደ ክለብ ነው። በ1973 ኤፍኤ ካፕን ያሸነፈለት አሰልጣኝ ቦብ ስቶኮ በመጨረሻ ሰዓት ለማዳን ተመልሶ መጥቶ ነበር። ተጋጣሚው ከሦስተኛው ዲቪዚዮን የመጣው ትንሹ ጊሊንግሃም ነው። የመጀመሪያውን ጊሊንግሃም 3 ለ 2፣ የመልሱን ሰንደርላንድ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸነፉ። ድምር 6 ለ 6። ከሜዳው ውጪ ባገባቸው ግቦች ብልጫ ጊሊንግሃም አለፈ፤ ሰንደርላንድ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደ።

የዛሬ የቼልሲ ደጋፊዎችም የ1988ን ታሪክ ቢያውቁት ጥሩ ነው። በዚያ ዓመት ቼልሲ ከአንደኛ ዲቪዚዮን የወረደው በዚሁ መንገድ በሚድልስብራ በደርሶ መልስ 2 ለ 1 ተሸንፎ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ደጋፊዎች ሜዳ ሰብረው ገብተው ረብሻ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የላይኛው ዲቪዚዮን ቡድን መቀላቀሉ ቀረና ፕሌይ ኦፍ በአንድ ዲቪዚዮን ውስጥ ባሉ አራት ቡድኖች መካከል ብቻ ሆነ። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ፍጻሜው በአንድ ጨዋታ ዌምብሌይ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ለሁለት ዓመት ብቻ የታሰበው ሙከራ ገንዘብ ሲያስገባ ታየና ቋሚ ሆነ።

ጎረቤት ከጎረቤት

ሰንደርላንድና ኒውካስል 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። አንዱ በዌር ወንዝ፣ ሌላው በታይን ወንዝ ዳር የተቆረቆሩ የድንጋይ ከሰልና የመርከብ ከተሞች ናቸው። ፉክክራቸው ኳስ ከመፈጠሩ በፊት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የከሰል ንግድ ሽኩቻና የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ ይቆጠራል። በ1980ዎቹ ሁለቱንም ከተሞች አንድ ዕጣ አገኛቸው፤ ማዕድኑም መርከቡም ተዘጋ። በ1988 መጨረሻ የሰንደርላንድ የመጨረሻዎቹ የመርከብ ግንባታ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ተወሰነ። ሥራ በሌለበት ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር የቀረው። የቀረችው እሷ ስትሆን ደግሞ ለጎረቤት አሳልፎ መስጠት አይታሰብም።

በ1990 ኒውካስል በሁለተኛው ዲቪዚዮን በ80 ነጥብ ሦስተኛ፣ ሰንደርላንድ በ74 ነጥብ ስድስተኛ ወጡ። ደንቡ ሦስተኛውን ከስድስተኛው ያገናኛል። ሁለቱ ጎረቤቶች ለአንድ ቦታ ተፋጠጡ።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሰንደርላንድ ሜዳ ሮከር ፓርክ 0 ለ 0 አለቀ። በመጨረሻው ደቂቃ ሰንደርላንድ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ነበር፤ የፖል ሃርዲማንን ምት ግብ ጠባቂው ጆን ባሪጅ አዳነው። ሃርዲማን ኳሷን ለመድረስ ሲሮጥ ግብ ጠባቂውን መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ። የኒውካስል ደጋፊ ያን ምሽት ነገሩ አልቋል ብሎ ተኛ፤ ቀሪው ጨዋታ በሜዳው ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሴንት ጀምስ ፓርክ ላይ ኤሪክ ጌትስ በ13ኛው ደቂቃ፣ ማርኮ ጋቢያዲኒ መጨረሻው ሲቃረብ አገቡ። 2 ለ 0። የኒውካስል ደጋፊዎች በመቶዎች ሆነው ሜዳ ሰብረው ገቡ። ጨዋታው ከተቋረጠ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል የሚል ተስፋ እንደነበራቸው በሰፊው ይነገራል። ዳኛው ጆርጅ ኮርትኒ ተጫዋቾቹን ከሜዳ አስወጣ፤ ሜዳው እስኪጸዳ ጠበቀና መልሶ አስገብቶ ቀሪዎቹን ደቂቃዎች አጫወታቸው። ውጤቱ ጸና።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የጎረቤት ድል ተብሎ ይመዘገብ ነበር። አላበቃም። ፍጻሜው ላይ ሰንደርላንድ ዌምብሌይ ሄዶ በአርጀንቲናዊው ኦሲ አርዲልስ በሚሰለጥነው ስዊንደን ታውን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ግቧ የአለን ማክሎሊን ምት የሰንደርላንድን ተከላካይ ገጭታ አቅጣጫ ቀይራ የገባች ነበረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሊጉ ስዊንደንን ቀጣ፤ ክለቡ ባለፉት ዓመቶች ለተጫዋቾች ከደንብ ውጪ ገንዘብ ይከፍል እንደነበር አምኗል። ቅጣቱ መጀመሪያ ሁለት ዲቪዚዮን ዝቅ ማለት ነበር፤ በይግባኝ ተቀንሶ ስዊንደን በነበረበት ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንዲቀር ተወሰነ። ወደ ላይ የመውጣቱ ቦታ ባዶ ሆነ።

ለማን ይሰጥ? ኒውካስል በሰንጠረዡ ሦስተኛ ነው፤ ከሰንደርላንድ 6 ነጥብ ይበልጣል። ሰንደርላንድ ደግሞ የፍጻሜው ተሸናፊ ነው። ሊጉ ቦታውን ለሰንደርላንድ ሰጠ። ስድስተኛ የወጣው፣ ፍጻሜውንም የተሸነፈው ቡድን አደገ፤ ሦስተኛ የወጣው ቀረ። በ1898 በስብሰባ ያለፈው ኒውካስል በ1990 በስብሰባ ጎረቤቱ ሲያልፍ ቆሞ አየ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ኒውካስል በ46 ጨዋታ የበለጠ ነው። ሰንደርላንድም ኒውካስልን በሜዳው አሸንፎታል። ሊጉ ያደረገው የፕሌይ ኦፉን ሰንሰለት መከተል ነው፤ አንደኛው ሲወድቅ ሁለተኛው ይተካል። የሚያስቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰንደርላንድ ላይኛው ዲቪዚዮን የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በሜይ 1991 በመጨረሻው ቀን በማንቸስተር ሲቲ 3 ለ 2 ተሸንፎ ወረደ። ስዊንደን ደግሞ በ1993 እንደገና ዌምብሌይ መጥቶ ሌስተርን 4 ለ 3 አሸነፈና በዚህኛው ጊዜ ማንም ሳይከለክለው ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገባ።

የመጀመሪያው 90

በ1990 በደንቡ የተጠቀመው ሰንደርላንድ ዕዳውን የከፈለው በ8ኛው ዓመት ነው። የተዘጋው የመንክዌርማውዝ ከሰል ማዕድን በነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ስታዲየም ገንብቶ በ1997 ገብቷል። በ1997/98 በፒተር ሪድ እየተመራ 90 ነጥብ ሰበሰበ። ኖቲንግሃም ፎረስት 94፣ ሚድልስብራ 91። በአንዲት ነጥብ ሦስተኛ ሆነ።

ፍጻሜው ላይ የገጠመው በ88 ነጥብ አራተኛ የወጣው ቻርልተን ነበር። 90 ደቂቃው 3 ለ 3፣ ጭማሪው ሰዓት ሲያልቅ 4 ለ 4። ከቻርልተን አራት ግቦች ሦስቱን ያገባው ክላይቭ ሜንዶንካ ሰንደርላንድ ያደገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰንደርላንድ ደጋፊ የነበረ ሰው ነው። የልጅነት ቡድኑን ሐት ትሪክ ሠራበት። መለያ ምቱ ላይ 13 ምቶች በተከታታይ ገቡ። 14ኛውን ሊመታ የመጣው የሰንደርላንዱ ልጅ፣ ተከላካዩ ማይክል ግሬይ ነበር። ግብ ጠባቂው ሳሻ ኢሊች ያዘው። 7 ለ 6።

በዚያ ሌሊት ኒውካስል ውስጥ የነበረውን ደስታ ለማወቅ ምስክር አያስፈልግም። ይህ የፕሌይ ኦፍ ሁለተኛው ጎን ነው። በመደበኛው ውድድር ቡድን ሲሸነፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨዋታ አለ። በፕሌይ ኦፍ የሸነፈ ሰው ግን ሙሉ ክረምት ይጠብቀዋል፤ ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አንዳንዴም የገዛ አማቹ ያስታውሱታል። ሰንደርላንድ በሚቀጥለው ዓመት 105 ነጥብ ሰብስቦ አንደኛ ሆኖ ወጣ። ማንንም ደጅ መጥናት አላስፈለገውም።

በ1999 በማንቸስተር የሆነውም ከዚሁ ጋር የሚነሳ ነው። ሜይ 26 ማንቸስተር ዩናይትድ ባርሴሎና ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በአራተኛው ቀን ማንቸስተር ሲቲ በሦስተኛው እርከን ፕሌይ ኦፍ ፍጻሜ ከጊሊንግሃም ጋር ተጫወተ፤ በ1987 ሰንደርላንድን ያወረደው ያው ጊሊንግሃም ነው። ሲቲ 90 ደቂቃ እስኪሞላ 2 ለ 0 እየተመራ ነበር። ኬቨን ሆርሎክ አንድ፣ በ95ኛው ደቂቃ ፖል ዲኮቭ ሁለተኛውን አገቡና በመለያ ምት ሲቲ አለፈ። ዛሬ ሲቲን በነዳጅ ገንዘብ ብቻ የሚያውቀው ወጣት፣ ጎረቤቱ ዋንጫ ሲያነሳ ሦስተኛ እርከን ላይ የነበረውን ደጋፊ ቢያስበው ክለቡን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሼፊልድ፣ ሁለት ጊዜ 90

በ2025 ወደተሸነፈው ቡድን እንመለስ። ሼፊልድ በአንድ ከተማ ሁለት ታላላቅ ክለቦች ያሏት ናት፤ ዩናይትድና ዌንስዴይ። በ2011/12 ሁለቱም ሦስተኛው እርከን፣ ሊግ ዋን ላይ ነበሩ። ቻርልተን አንደኛ ሆነ። ለሁለተኛዋ ቀጥተኛ ቦታ ሁለቱ የሼፊልድ ክለቦች ተናነቁ። ዌንስዴይ በ93 ነጥብ ወጣ። ዩናይትድ በ90 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ወደ ፕሌይ ኦፍ ተላከ።

ፍጻሜው ከሃደርስፊልድ ጋር ነበር፤ ሃደርስፊልድ በ81 ነጥብ አራተኛ የወጣ ቡድን ነው። ግብ ሳይቆጠር 120 ደቂቃ አለቀ። መለያ ምቱ ሁለቱንም ቡድኖች እስከ ግብ ጠባቂዎቻቸው አደረሰ። የዩናይትድ ግብ ጠባቂ ስቲቭ ሲሞንሰን የመታት ኳስ ከአግዳሚው በላይ ወጣች፤ 8 ለ 7። አንድ ዓመት ሙሉ ከጎረቤቱ ጋር ሲሽቀዳደም የኖረ ቡድን በ3 ነጥብ ልዩነትና በአንድ የግብ ጠባቂ ምት ቀረ።

ዌንስዴይም ተራው ደርሶታል። በ2023 በሊግ ዋን 96 ነጥብ ሰብስቦ ሦስተኛ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው የገጠመው በ77 ነጥብ ስድስተኛ የሆነው ፒተርብራ ነበር። 19 ነጥብ የሚያንሰው ቡድን የመጀመሪያውን ጨዋታ 4 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ ዌንስዴይ አራቱንም መለሰ፤ በጭማሪ ሰዓት አንድ አንድ ተጨማሪ ተቆጠረ፤ በመለያ ምት ዌንስዴይ አለፈ። ፍጻሜው ላይም ባርንስሊን በ120ኛው ደቂቃ ላይ በተጨመረ ሰዓት በጆሽ ዊንዳስ ግብ አሸነፈ። በነጥብ የበለጠው በመጨረሻ ወጣ፤ ግን ምን ያህል እንደተጠጋ ያየ ሰው ፍትሕ ሰፈነ ለማለት አይደፍርም።

ሼፊልድ ዩናይትድ ግን በፕሌይ ኦፍ አንድም ጊዜ አድጎ አያውቅም። በ1997፣ በ2003፣ በ2009፣ በ2012፣ በ2025 ፍጻሜ ደርሶ አምስቱንም ተሸንፏል። በ2025ቱ ፍጻሜ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ ሁለተኛ ግብ አግብቶ በቫር ተሽሮበታል። ቀጥሎ ሰንደርላንድ አቻ ሆነ፤ ቀጥሎ ዋትሰን መጣ።

ሂሳቡ ማን ጋ ነው?

እንግዲህ በሦስተኛነት 90 ነጥብ ይዘው የቀሩ ሦስት ምሳሌዎች አሉን፦ ሰንደርላንድ በ1998፣ ሼፊልድ ዩናይትድ በ2012 እና በ2025። ሦስተኛውን ያስቀረው የመጀመሪያው ተጎጂ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ፕሌይ ኦፍ ይቅር የሚሉት ቀላል ክርክር አላቸው። 46 ጨዋታ ረጅም ፈተና ነው፤ ጉዳት፣ ዕድል፣ የዳኛ ስህተት በጊዜ ብዛት ይካካሳሉ። ያን ሁሉ በአንድ ቀን መሻር የገበሬን ዓመት ልፋት በአንድ ቀን በረዶ እንደመስጠት ነው። የሚደግፉት ደግሞ ደንቡ በኦገስት ሁሉም የሚያውቀው ነው ይላሉ። ሦስተኛ የወጣ ሁለተኛ አልወጣም፤ ሁለተኛ ቢወጣ ኖሮ ዌምብሌይ ባልመጣ ነበር። ፕሌይ ኦፍ ባይኖር ደግሞ ከፋሲካ በኋላ የግማሹ ሊግ ጨዋታ ሬሳ ይሆናል።

ሁለቱም ክርክሮች የደጋፊውን ልብ አያገኙትም። ደጋፊ ደንብን የሚመዝነው ቡድኑ ባለበት ደረጃ ነው። የኒውካስል ሰው በ1990 ሰንጠረዡ ይከበር አለ፤ የሰንደርላንድ ሰው ሜዳው ይከበር አለ። በ1998 የሰንደርላንዱ ሰው ሰንጠረዡን አስታወሰ። በ2025 እንደገና ሜዳውን አስታወሰ። ይህ ግብዝነት ይመስላል። ግን ደንቡ ተቀባይነት አግኝቶ ወደ አርባ ዓመት የዘለቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተበዳዩና በዳዩ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሰንደርላንድን መዝገብ ብቻ ማየት ይበቃል። በ1987 ወረደ፣ በ1990 ተሸንፎ አደገ፣ በ1998 ቀረ። በ2004 በግማሽ ፍጻሜ በክሪስታል ፓላስ ተሸነፈ። ወደ ሊግ ዋን ከወረደ በኋላ በ2019 ፍጻሜ በ94ኛው ደቂቃ በቻርልተን፣ በ2021 በሊንከን ተሸነፈ። በ2022 ዋይኮምን አሸንፎ አደገ፣ በ2023 በሉተን ተሸነፈ፣ በ2025 ወጣ። ከአንድ ትውልድ በላይ የዘለቀ ዕዳና ብድር ነው።

ዛሬ ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በ1990 በፕሌይ ኦፍ የሚገኘው የአንድ ዲቪዚዮን ዕድገት ነበር። በ2025 የሻምፒዮንሺፕ ፍጻሜ ለአሸናፊው ቢያንስ 200 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጣ ዴሎይት ገምቷል። ያን የሚያህል ገንዘብ በአንድ ምት ላይ ሲንጠለጠል ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ይበደራሉ፣ ተጫዋች ይገዛሉ። ሲቀሩ ደግሞ ዕዳውን የሚሸከሙት ትኬት ቆራጩ፣ ሣር አጫጁና ደጋፊው ናቸው። በዚያ ላይ ደጁ ራሱ ጠቧል። በ2023 ያደጉት ሦስቱም ክለቦች በ2024 ወረዱ፤ በ2024 ያደጉት ሦስቱም በ2025 ወረዱ። ሂዝሮው የተሰበሰቡት ሰዎች ፕሌይ ኦፍን የፈጠሩት ገንዘብ በጠፋበት ጊዜ ደጋፊ እንዳይርቅ ነው። አሁን ገንዘቡ ሞልቶ ላይኛውና ታችኛው ክፍል የማይተያዩ ሆነዋል። 14 ነጥብ የሚያንሰው ቡድን ማደጉ ካስቆጨ፣ የበለጠ ማስቆጨት ያለበት ያደገው ቡድን በዓመቱ ወደነበረበት የሚመለስበት የገንዘብ ገደል ነው። እሱን በደንብ ለውጥ ብቻ ማስተካከል አይቻልም፤ የቴሌቪዥኑ ገቢ እንዴት ይከፋፈል የሚለውን ጥያቄ መክፈት ይጠይቃል። የ1985ቱ ስምምነት ያን ጥያቄ ለትልልቆቹ ክለቦች አድልቶ ነበር የመለሰው።

ያም ሆኖ በሜይ 2025 ማታ ወደ ሰሜን የተመለሱት አውቶቡሶች ስለዚህ አላሰቡም። ቡድናቸው ወደ ላይ ወጥቷል። ከ2016 ወዲህ በሊግ ያልተገናኙት ሰንደርላንድና ኒውካስል በአንድ ዲቪዚዮን ሊጫወቱ ነው። ግቧን ያገባው ዋትሰን ከፍጻሜው በፊት ወደ ብራይተን ለመሄድ ተስማምቶ ስለነበር ያ ምት ለክለቡ የመታው የመጨረሻው ሆነ። ሼፊልድ ውስጥ ደግሞ በዚያው ማታ 90 ነጥብ የነበረው ሰው፣ ዌንስዴይን የሚደግፈው ጎረቤቱ ገና በሩን ሳያንኳኳ፣ መብራቱን አጥፍቶ ተኝቷል።